ለትንሽ አገር መሪዎች፣ ከዳንግላ

ክቡር አንባቢ፣ ድንገት ትንሽ አገር እንዲያስተዳድሩ ቢሾሙና ጎረቤትዎ ግዙፍ ሆኖ ቢገኝ አይደንግጡ። ዲፕሎማሲ ለመማር ጄኔቫ ድረስ መድከም የለብዎትም፤ እንጅባራን አልፈው ዳንግላ ይግቡ። ይህች የአዊ ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ ነበረች። «ኢትዮጵያ መቼ ትንሽ ሆነችና?» ይሉኝ ይሆናል። በካርታስ አይደለችም። ግን ያኔ እንግሊዝ በሱዳን፣ በኬንያና በበርበራ፣ በሦስት በኩል ትዋሰነን ነበር፤ በተረፈው በኩል ደግሞ ጣሊያንና ፈረንሳይ ተቀምጠዋል።

እንግዲህ ጎረቤትዎ መልእክተኛ ልላክ ሲል እምቢ እንዳይሉ። ዳንግላ የመጣው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። ወፍ የሚወድ፣ ካርታ የሚያነሣ፣ የጣናን ዳርቻ የዞረ፣ ዓባይን በበቅሎ የተከተለ ሰው ነው። ይለካ! የሚለካ ቆንስል ሥራ አይፈታም፤ ሥራ ያልፈታ ደግሞ ለተንኮል ጊዜ ያጥረዋል። የሚለካው ውሃ አለቆቹ የሚመኙት ውሃ መሆኑን ግን ፊት ለፊት አያንሡበት፤ እንግዳ ይቀየማል።

ምኞታቸውም ግልጽ ነበር፤ ለሱዳን ጥጥ ጣና ላይ ግድብ መሥራት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ምኒልክ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን ስምምነት የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ፈርመዋል። ልብ ይበሉ፦ ውሉ እኛን ይከለክላል እንጂ ለእነሱ ግድብ አይሰጥም። ስለዚህ ሲጠይቁ «እሺ፣ ይታያል» ይበሉ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያለው ሰው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሳይሠራ አልቀረም።

ጎረቤቶችዎ ሲጣሉ ይረፉ፤ ሲስማሙ ይፍሩ። በ1918 ዓ.ም. እንግሊዝና ጣሊያን ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ ግድቡ ለአንዷ፣ ከኤርትራ ሶማሊያ የሚዘልቅ የባቡር መንገድ ለሌላዋ። እኛን የጠየቀ የለም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ግን ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በፊት አገራቸውን የመንግሥታት ማኅበር አባል አድርገው ነበርና አቤቱታቸውን እዚያው ላኩ። ሁለቱም ኃያላን ማስገደድ በሐሳባችን አልነበረም ብለው መልስ ሰጡ። ትልቅ አገር ጓዳ ውስጥ አያፍርም፤ አደባባይ ላይ ግን አንዳንዴ ያፍራል።

ከዚያ ሩቅ ያለ ሰው ይጋብዙ። የተፈሪ መልእክተኛ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አሜሪካ ተሻግረው የጣናን ግድብ ጉዳይ ከኒውዮርኩ የጄ. ጂ. ዋይት ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ፤ በ1920 ዓ.ም. ወሬው ለንደን ሲደርስ ቅር አሰኘ። ኩባንያው ጥናት አደረገ፣ ግድቡ ሳይሠራ ቀረ። በእኔ ግምት ያ ግድብ ከመሠራቱ ይልቅ መወራቱ ጠቅሞናል።

(ፈረስም ይቀልቡ። የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚጋልቡት የዓድዋን ፈረሶች ለማሰብ ነው፤ በዓል ስለሆነ ማንም አይከፋም፣ ጎረቤት ግን ይቆጥራል።)

ይህ ሁሉ ምክር የሚሠራው ጎረቤት ለስሙ እስከተጨነቀ ድረስ መሆኑን አልደብቅዎትም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ስትሻገር ማኅበሩ ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅን ግን አልነካም። የተቀለበው ፈረስም ለአውሮፕላን አልሆነም። ያ ወፍ ወዳድ ቆንስል እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የጠቀመው፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ካርቱም በእንግሊዝ መረጃ ክፍል ተቀምጦ ጎጃምን እንደሚያውቅ ሰው አገልግሏል።

ምክሩን ዛሬ ከሁሉ አብልጣ የምትተገብረው ጅቡቲ ናት። ለፈረንሳይ፣ ለአሜሪካ፣ ለጃፓን፣ ለጣሊያንና ለቻይና ጦር ቦታ ሰጥታ ሁሉንም ታስተናግዳለች፤ የእኛም የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በእሷ ወደብ ያልፋል። ለእሷ ትልቁ ጎረቤት እኛ ነን። ስለዚህ አንባቢዬ፣ እሺ፣ ይታያል ስትልዎት አይቆጡ።