የሚያከብሩትን ብቻ የሚይዝ ሕግ

የካሊፎርኒያ ከተሞች ሹማምንት ሊመሰገኑ ይገባል። ያረጀ ኤሲውን ወይም ፈርነሱን (የቤት ማሞቂያውን) የሚያስቀይር የቤት ባለቤት ሁሉ አስቀድሞ ፐርሚት እንዲያወጣ፣ ሥራው ሲያልቅም ኢንስፔክተር ጠርቶ እንዲያስፈርም አዘዋል፤ ሕዝቡም ትእዛዙን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። የግዛቲቱ የሕዝብ መገልገያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የኢነርጂ ቁጠባ ዕቅድ እንደገመተው፣ ለእንዲህ ያለው ሥራ ፐርሚት የሚያወጣው ከ10 በመቶ በታች ነው። ከአሥር ሰው ዘጠኙ የማያከብረው ሕግ ሌላ ቦታ ቢሆን ሞተ ተብሎ ይቀበር ነበር። እዚህ ግን አሥረኛው ሰው አለ፤ የሚከፍለውም፣ ቀጠሮ የሚጠብቀውም፣ የሚመረመረውም እሱው ነው። ኢንስፔክተሩ የሚሄደው ወደ ጠራው ሰው ቤት ስለሆነ፣ ሕጉ ጥፋተኛ ፈልጎ አያውቅም ቢባል ሐሜት አይሆንም።

ይህ አሥረኛ ሰው የሚገባበት ጣጣ የሚያስቀና ነው። ሲ-20 የተባለው የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር ይቀጥራል፤ ዋጋው ላይ የፐርሚቱ ክፍያና የወረቀቱ ሥራ ይደመርበታል። ቀጥሎ በራሱ ኪስ የሚከፈለው ገለልተኛ መርማሪ መጥቶ ጣሪያ ሥር የተዘረጋውን የአየር ቱቦ በማራገቢያ ወጥሮ ምን ያህል እንደሚያፈስ ይለካል። በመጨረሻ የከተማው ኢንስፔክተር ይደርሳል። ውጭ የተተከለውን ማሽንና የመብራት ማጥፊያውን ካየ በኋላ ወደ መኝታ ቤት ይዘልቅና ቀና ብሎ የጭስ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል፤ ካጣ ፊርማ የለም። ኤሲ ሊያስቀይር የተነሣው ሰው የጭስ ማስጠንቀቂያ ሊገዛ ይወጣል። ጎረቤቱ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አስገጥሞ፣ ኬሽ ከፍሎ፣ ከሰዓት በኋላ ቀዝቅዞት ተኝቷል። «በፐርሚት ነው ያለ ፐርሚት?» የሚለው ጥያቄ የዋጋ ድርድር መክፈቻ ቢሆን በማን ይፈረዳል?

ብልሃቱ በዚህ አያበቃም። የኢነርጂ ሕጉ ለመላው ግዛት አንድ ነው፤ ከ480 በላይ ከተሞችና 58 ካውንቲዎች ግን የየራሳቸው ቅጽና የየራሳቸው ክፍያ አላቸው። ግዛቲቱ እስከ 2030 ድረስ 6 ሚሊዮን ሂት ፓምፕ (በኤሌክትሪክ የሚያሞቅና የሚያቀዝቅዝ ማሽን) እንዲተከል ትፈልጋለች፤ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የአየር ጥራት ባለሥልጣንም ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚለቁ ፈርነሶች ከ2029 ጀምሮ እንዳይሸጡ በ2023 ወስኗል። ጥሪውን ሰምቶ ጋዙን ትቶ ወደ ሂት ፓምፕ የሚሄድ ዜጋ ታዲያ ምን ይጠብቀዋል? የመብራት መስመሩ ሌላ ፐርሚት ይጠይቃል፤ ማሽኑ ከአጥር ስንት ጫማ እንደሚርቅና ምን ያህል እንደሚጮህ የሚጠይቅ ከተማም አለ። ፈርነሱን በፈርነስ የሚተካው ግን በአንድ ቀላል ቅጽ ይገላገላል። መንገድ ጠፍቶ እንዳይባል፣ ለመኖሪያ ቤት ሶላር ከትንንሾቹ በቀር ሁሉም ከተሞች በኢንተርኔት ወዲያውኑ ፈቃድ እንዲሰጡ በ2022 ሕግ ወጥቷል። ጣሪያው ላይ ያለው በደቂቃ ያልፋል፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ወረፋ ይጠብቃል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ይገድላል፣ የተበላሸ የመብራት መስመር ቤት ያቃጥላል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም አደጋው ያለው ኢንስፔክተር ባልረገጣቸው ዘጠኝ ቤቶች ውስጥ ነው። ያው የ2008 ዕቅድ ከአዳዲስ ማዕከላዊ ኤሲዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት በትክክል እንደማይገጠሙ ጽፏል፤ ይህን ለማረም ግን የታመመው ተትቶ ጤነኛው ይመረመራል። ቁጥጥሩ ይጥበቅ የሚሉም አሉ። በ2016 የወጣው ሕግ ለእንዲህ ያለ ማሽን የዋጋ ተመላሽ የሚጠይቅ ሰው ፐርሚቱ መዘጋቱን እንዲያረጋግጥ አድርጓል፤ ተመላሹን የሚጠይቀው ደግሞ ድሮም ፐርሚት የሚያወጣው ሰው ነው። ያለ ፐርሚት የተሠራው ሥራ ቤቱ ሲሸጥ ይጋለጣል ለሚሉት ደግሞ፣ ባለቤቱ ለመሸጥ እስኪነሣ ፈርነሱ አርጅቶ ሌላ ተተክቶ ሊሆን ይችላል።

ፐርሚቱን ርካሽና ወዲያው የሚሰጥ አድርጎ፣ ምርመራውን በዕጣ በሚወጡ ቤቶች ላይ ማድረግ፣ ቅጣቱንም ላይሰንስ ባለው ኮንትራክተር ላይ መጣል ይቻላል። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው፦ ኢንስፔክተሩ ያልጠራው ሰው በር ማንኳኳት ሊኖርበት ነው።