ያልተበላው ምሳ፦ በመሶብ ዙሪያ የተደረገ ጥናት

በአዲስ አበባ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሰዓቶች እንደሚሠሩ በተደጋጋሚ ምልከታ ተረጋግጧል። አንደኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሲሆን ምሳ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው ይላል። ሁለተኛው ልጁ ሆድ ውስጥ ይገኛል፤ የሚደውለውም ገበታው ተነሥቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ እናት ገና ጋደም ስትል ነው። ሁለቱን የማስታረቁ ሥራ በባህላችን ለአያት ተሰጥቷል።

አያት የሚጠቀሙበት መሣሪያ ጉርሻ ነው። አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ከዚያ የአጎት፣ የክርስትና አባትና አሜሪካ ያለችው አክስት ድርሻ በየስማቸው ይቀርባል። አክስቷ ርቧት ከሆነ ለምን ራሷ እንደማትበላ ልጁ ጠይቆ ነበር። «ዋጥ!» ተብሏል።

ልጁ እምቢ የሚለው ያለ ማስረጃ አይደለም። ደጅ ሆኖ ቁሌቱ የዶሮ ይሁን የምስር በጠረኑ ይለያል። ሽሮው የጎመኑን ጫፍ ከነካ በዓይኑ ይደርስበታል፤ ያ የእንጀራ ክፍልም ከዚያ በኋላ አይነካም። እንጀራውን ዳበስ አድርጎ «ይሄ የትናንት ነው» ሲል እናቱ የዛሬ ነው ብላ ትምላለች። የትናንት ነው።

በ1931 እ.ኤ.አ. አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ አንድ ዱቄት ቦነነበት። ባልደረባው መረረኝ አለ፤ ፎክስ ምንም አልቀመሰውም። ተከራከሩ፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ልዩነቱ በዘር የሚወረስ መሆኑ ኋላ ታወቀ፤ የጎመን ምሬትም ለአንዱ ጎልቶ ለሌላው የሚደበዝዘው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። በእኛ ገበታ «ምኑ ይመራል?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ መዘጋት ነበረበት። አባትም ጎመን ሲበላ ታይቶ አያውቅም፤ እሱ ግን ሐኪም ከልክሎት ነው።

ክላራ ዴቪስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ደግሞ ጡት የጣሉ 15 ሕፃናትን 34 ዓይነት ያልተቀላቀለ ምግብ እያቀረቡ እንደ ፍላጎታቸው እንዲበሉ ለቀቋቸው፤ ውጤቱን በ1939 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ጉበት በብርቱካን ጭማቂ ቁርስ ሆነ፤ እንቁላል ከሙዝና ከወተት ጋር እራት ሆነ። ሪኬትስ የተባለ የአጥንት በሽታ የነበረበት አንዱ ሕፃን የዓሣ ጉበት ዘይት በገዛ ፈቃዱ ጠጥቶ ዳነ። ሁሉም ፋፉ። እርግጥ ከ34ቱ ውስጥ ከረሜላና ቺፕስ አልነበረም፤ ሱቅ ላለበት ሰፈር ይህ ከባድ ልዩነት ነው። ሞግዚቶቹም ልጁ ራሱ ሳይጠቁም ማንኪያ እንዳያነሡ፣ ስለ አበላሉም ቃል እንዳይተነፍሱ ታዘው ነበር። ሙከራውን እዚህ ለመድገም ያልተቻለው በገንዘብ እጥረት አይደለም። ዝም የሚሉ አያት አልተገኙም።

ሊያን በርችና ባልደረቦቿ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ2 እስከ 5 ዓመት ያሉ 15 ልጆች በየገበታው የሚበሉት መጠን በአማካይ በ34 በመቶ ገደማ ይለዋወጥ ነበር፤ የቀኑ ድምር ሲታይ ግን ልዩነቱ ወደ 10 በመቶ ወረደ። ቁርሱን የተወው በመክሰስ ያካክሳል ማለት ነው። ለእናት ይህ ሲነገራት «እሱ የፈረንጅ ልጅ ነው» ብላለች።

ሞልቶ የተመለሰ ምሳ ዕቃም ልጁ መራቡን አያስረዳም፤ የጓደኛውን በልቶ ሊሆን ይችላል። የጓደኛው ምሳ ሽሮ ነበር፤ እሱም እምቢ ያለው ሽሮ ነው። ይህን ማስረዳት ከጥናቱ አቅም በላይ ሆኗል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጁ ከተጫወተ፣ ካደገና ኪሎው ካልቀነሰ ተዉት፤ ሽሮውንና ጎመኑን ግን ለያዩለት። ለአያቶች ምክር አላዘጋጀንም፤ አይቀበሉም።