ሞፈር የማይቆረጥበት ጫካ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ቆቦ ሮቢት

እኔ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነኝ፤ ካፖርቴ ግን እስካሁን አልደረቀም። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ከጤናዬ አስቀድመው «ለመሆኑ እዚያ አገር ዝናብ አለ ወይ?» ይሉኛል። እኔም «ሞልቷል» ብዬ ወደ ሌላ ወሬ አልፋለሁ። ሰሞኑን ግን ዝናቡን ቤቱ ድረስ ሄጄ ስላየሁት፣ ነገሩን በወረቀት ላስረዳዎ።

ከሲያትል መኪናችንን በመርከብ አሻግረን፣ ከዚያ ለሰዓታት ነድተን የደረስንበት ቦታ ኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። በውስጡ ሆህ የሚሉት የዝናብ ደን አለ። በዓመት ወደ 3,500 ሚሊ ሜትር ይዘንብበታል። የእኛ ቆቦ ደግ ዘመን ሲሆንላት 700 ሚሊ ሜትር ብታገኝ ነው፤ እሱንም በልግና ክረምት ተሻምተውት። እንግዲህ የአምስት ዓመት ዝናባችን እዚህ በአንድ ዓመት ይወርዳል ማለት ነው፤ ያውም አንድ እግር ማሽላ ያልተዘራበት መሬት ላይ! የሆህ ወንዝም ከበረዶ ተራራ ተነስቶ፣ ጠላፊ ሳያገኘው፣ ተራ ሳይጠበቅለት፣ የውሃ አባት ሳይሾምለት፣ ሰው ሳይጣላበት ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባል። እርስዎ የጎርፍ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ወደ ማሳ ሊጠልፉት በእኩለ ሌሊት አካፋ ይዘው የሚሮጡት ሰውዬ ይህን ቢያዩ፣ ጫማዎን ሳያወልቁ ቦይ መቅደድ ይጀምሩ ነበር። እኔም ጥቂት ቃጥቶኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ናቸው የያዙኝ።

ሲትካ ስፕሩስ የሚሉት ዛፍ አንዳንዱ 90 ሜትር ይሆናል። የእርስዎ ልጅ ነኝና ቀና ስል መጀመሪያ የታየኝ ሞፈር ነው። ስንት ሞፈር፣ ስንት ቀንበር፣ ስንት የቤት ምሰሶ እንደሚወጣው ላሰላ ስል አንገቴ ተቆለመመ። የቆመውስ ይሁን፤ ያንገበገበኝ የወደቀው ነው። ነፋስ የጣለውን ግንድ አያነሱትም፣ አይፈልጡትም። መንገድ ላይ ከተጋደመ ሰው የሚያልፍበትን ያህል ቆርጠው የቀረውን እዚያው ይተዉታል። እሱም እየበሰበሰ ችግኝ ያሳድጋል፤ ትንንሾቹ በጀርባው ላይ በሰልፍ ተደርድረው ይበቅላሉ። ግንዱ አልቆ አፈር ሲሆን የልጆቹ ሥር ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀራል። አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ከሥሮቹ መሐል ግልገል ሹልክ ብላ ታልፋለች። በእኛ አገር የደብሩን ዛፍ የሚጠብቀው ታቦቱ ነው፤ እዚህ ግን ባርኔጣ ያደረገ ዘበኛ ነው። ታቦቱ ሳይሻል አይቀርም፤ ደመወዝ አይጠይቅም።

አብሮን የነበረ የቦንጋ ልጅ ግን ምንም አልደነቀውም። እኛ አረንጓዴ ሽበት የወረሰውን ዛፍ ፎቶ ስናነሳ፣ እሱ እየጎነበሰ ሥር ሥሩን ይፈልጋል። «ምን ጠፋብህ?» ብንለው፣ «ቡናው የታለ?» አለ። በእሱ አገር በካፋ ቡና ዘሪ ሳይኖረው በጫካ ይበቅላል፤ ዩኔስኮም ደኑን በፈረንጅ 2010 መዝግቦታል። «ለመኪና 30 ዶላር ከፍለን ቡና የሌለው ጫካ!» እያለ እስክንመለስ አጉረመረመ። አልፈረድኩበትም። ከሮቢት ተነስቶ ሲያትል መድረስ ቦንጋ ከመድረስ የቀለለን ሰዎች ምን አፍ አለን? ቡናውን ይዘን የሄድነው እኛው ነበርን፤ ግን በዚያ ሁሉ እንጨት መሐል አንድ ደረቅ ስንጥር ስላልነበረ በቡታጋዝ አፈላነው።

ሁለተኛው ስኒ ላይ ሳለን አንድ አጋዘን መጣ። በሬ ነው ብል ይሻላል፤ ቀንዱ ግን ቅርንጫፍ አለው። ድሮ አዳኞች ጥርሱን እያወጡ ለወንዶች የሰዓት ሰንሰለት ጌጥ ይሸጡት ስለነበር ዘሩ ሊያልቅ ነበር አሉ። እሱን ለማዳን ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፈረንጅ 1909 ቦታውን ከለሉት፤ ዘመዳቸው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ደግሞ በ1938 ብሔራዊ ፓርክ አደረጉት። አጋዘኑም በቴዎዶር ስም ሩዝቬልት ይባላል። ሕጉ ከ45 ሜትር አልፋችሁ አትጠጉት ይላል። እኛ አክብረን አፈገፈግን፤ ጌታው ግን ሕጉን አላነበበ ኖሮ ተከተለን። ድፎ ዳቧችንን አሽትቶ፣ ትቶት ሄደ። ዳቦውን የጋገረችው ልጅ እስካሁን አኩርፋለች።

ለዘር መግዣ ያሰብኩትን ብር በባንክ ልኬያለሁ፤ ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ከደብዳቤው ጋር ፎቶግራፍ አለ። እናቴ «ልጄ ከሳብኝ፣ መነመነብኝ» ብላ እንዳታለቅስ አደራ፤ አልከሳሁም። ያስቆሙኝ ከዚያ ከወደቀው ግንድ አጠገብ ስለሆነ ነው።

ልጅዎ