ፋናዬ ነጭ ዓሣና አያ አርጃኖ

ተረት ተረት! የመሠረት!

በጎርጎራ፣ ከደብረ ሲና ማርያም በታች ባለው ደንገል ሥር፣ ፋናዬ የምትባል ወጣት ነጭ ዓሣ ትኖር ነበር። የተወለደችው መገጭ ወንዝ ላይ፣ ንጹሕ ውኃ በጠጠር መካከል በሚያልፍበት ሥፍራ ነው። ወገኖቿም ሁሉ የተወለዱት እንዲሁ ነው። ክረምት ገብቶ መገጭ ደፍርሶ ጣናን ሲቀላቀል፣ ነጭ ዓሦች ሐይቁን ትተው ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ፤ ዕንቁላላቸውን ጠጠሩ ላይ ጥለው ይመለሳሉ። ይህ ጉዞ ሃይማኖታቸው ነው። እናት ለልጇ የምታወርሰው ቃልም አንድ ነው፦ «የትም ዋኚ፤ ነሐሴ ሲገባ ግን ጠጠሩን አትርሺ።»

ፋናዬ ስጦታ ነበራት፤ የውኃን አካሄድ ታነብባለች። ነፋስ ሳይነሣ ማዕበሉን ታውቃለች። መረብ የት እንደተዘረጋ፣ ውኃው በዚያ ሲያልፍ ከሚለወጠው አኳኋን ትለያለች። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ እርሷን ግን ጠበባት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታልመው፣ በስተደቡብ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ወጥቶ ስለሚሄደው ስለ ዓባይ ነበር። «ያን ታላቅ ወንዝ ከፊት ሆኜ ብመራ!» ትል ነበር።

የማኅበሩ ሽማግሌዎች ስጦታዋን ያውቁታል፤ ግን አልተጠቀሙበትም። ባለፈው ክረምት «መገጭ መግቢያው ላይ መረብ አለ፤ በምሥራቅ በኩል እንዙር» ብትላቸው፣ «ልጅ አይደለሽም እንዴ? ከኋላ ተከተይ» አሏት። ተከተለች። በዚያ ቀን ከማኅበሩ ብዙዎች በመረቡ ቀሩ። ከዚያ በኋላም «እውነትሽን ነበር» ያላት አንድ እንኳ አልተገኘም።

በሰኔ ወር አያ አርጃኖ መጣ። አርጃኖ ውኃውም የብሱም ቤቱ ነው፤ ወሬ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ያመላልሳል። ድንጋይ ላይ ተኝቶ ፀሐይ እየሞቀ ጠራት።

«ፋናዬ ልጄ፣ ስምሽ ታች ድረስ ተሰምቷል። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያሉት ዓሦች ወንዝ መሪ ይፈልጋሉ። ውኃው ጥልቅ ነው፤ ምግቡ ሞልቶ ተርፏል። አንቺ ትመሪያለሽ፤ ሁሉም ይከተላል። ብቻ ነሐሴ ሳይገባ መድረስ አለብሽ፤ መሪ የሚፈለገው በጎርፍ ጊዜ ነውና።»

«በነሐሴ እኛ መገጭ እንወጣለን» አለችው።

«ሌሎቹ ይውጡ! አንቺን የመሰለች ዓሣ ዕድሜዋን ለጠጠር ትጨርስ?»

ልቧ ተነሣ። አርጃኖ አልዋሻትም፤ ሹመቱም እውነት፣ ምግቡም እውነት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አደረች። ደብረ ሲና ላይ የማለዳው ደወል ሲደወል ወደ እናቷ ሄደች።

እናቷ በክንፏ ላይ የመረብ ጠባሳ አለባት። ሰምታ ስታበቃ እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ አትሂጂ አልልሽም። የወለድሁሽ እንድታጅቢኝ አይደለም። ግን ዓይኔ ደክሟል፤ ዘንድሮ ያላንቺ መገጭን የምወጣው አይመስለኝም። ይህን የምነግርሽ ላስርሽ ብዬ አይደለም፤ ስትመዝኚ ከሚዛኑ ላይ ሳይቀመጥ የሚቀር ነገር እንዳይኖር ነው።»

ፋናዬ አብሮ አደጓን ቆሮሶን ፈለገች። ቆሮሶ ግን በዚያ ሰሞን ልጆቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ነበርና መናገር አትችልም። ሁሉን አዳመጠቻት፤ ከዚያም እስኪመሽ ድረስ ከጎኗ ሳትለይ ዋኘች። ፋናዬ በዚያ ቀን ያወቀችው ይህ ነው፦ ታች ብዙ ተከታይ ታገኛለች፤ ሳይናገር ጎኗ የሚውል ወዳጅ ግን ከሹመት ጋር አብሮ አይሰጥም።

በመጨረሻ በጭቃው ሥር ወደሚኖሩት ወደ አባ አምባዛ ወረደች።

«አባ፣ ይምከሩኝ» አለቻቸው።

አባ አምባዛ ሪዛቸውን እያንቀሳቀሱ ጀመሩ። «ከዚህ ማዶ፣ በአሮጌው ጎርጎራ፣ የንጉሥ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ። ንጉሡ ብርቱ ነበር። ቤተ መንግሥቱን ያሠራው እኛ በምንዋኝበት ውኃ ዳር ነው። ኃይል ፈለገ፤ ከባሕር ማዶ ወዳጅና ጦር ተስፋ አደረገ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1622 የአባቶቹን ሃይማኖት ትቶ የሮማን ተቀበለ። ሕዝቡንም በዚያው መንገድ ሊወስድ ሞከረ። አገር ተከፈለ፤ ወገን በወገን ላይ ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ ራሱ አዋጅ አስነግሮ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ፈቀደ፤ ዘውዱንም ለልጁ ለፋሲል አስረከበ። በዚያው ዓመት ዐረፈ።»

«ታዲያ ተመለሰ ማለት አይደል?» አለች ፋናዬ።

«መንገዱስ ተመለሰ፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም። አየሽ ልጄ፣ ሁሉም መሄድ መመለሻ አለው ወይ፣ ካለውስ ዋጋው ስንት ነው፣ ይህን ንጉሡ አስቀድሞ አልጠየቀም። አንቺ ንጉሥ አይደለሽም፤ የምትከፍይው ዘውድ የለሽም። ስለዚህ ሳትሄጂ ጠይቂ። ከሌላ አፍም አትስሚ፤ በዓይንሽ እዪ።»

ፋናዬ ተነሣች። ጣናን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋረጠች፤ ደሴቶቹን አንድ በአንድ አልፋ ባሕር ዳር ደረሰች። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራጨራ ግድብ በሮች ስታልፍ ውኃው ክፉኛ ገፋት። ዘወር ብላ ሞከረችው፤ በብርቱ ታግላ በሩን መልሳ ወጣች። «ይህስ ይከብዳል እንጂ ይመለሱበታል» ብላ እንደገና ወረደች። 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከዋኘች በኋላ ውኃው በሙሉ ልብ መሮጥ ጀመረ። ነጎድጓድ ሰማች። ጢስ ዓባይ ነው።

ከገደሉ አፋፍ አጠገብ፣ ከድንጋይ ጥግ፣ አንዲት አሮጊት ነጭ ዓሣ ነበረች።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ልጄ ታች ነው» አለች አሮጊቷ። «ተሹሟል። አያ አርጃኖ ወሬውን ያመጣልኛል፤ ደኅና ነው፣ ተከብሯል ይለኛል። ደስ ብሎኛል። የልጅ ልጆቼን ግን አላውቃቸውም። በየነሐሴው ወደ ጠጠሩ አብሮኝ የሚወጣ የለም።»

በዚህ መካከል አያ አርጃኖ ከገደሉ ሥር በድንጋዩ ላይ እየተጎተተ ብቅ አለ። ፋናዬን ሲያይ ደስ አለው።

«መጣሽ! በይ ዝለዪ።»

«አያ አርጃኖ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መመለሻው በየት ነው?»

«ይኸው አሁን የወጣሁበት ነው፤ በድንጋዩ ጥግ በጥግ። እኔ በወር ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ።»

«በምን?»

«በእግሬ ነዋ!»

ፋናዬ ክንፎቿን አየች። ገደሉን አየች፤ 40 ሜትር ያህል ነው። አርጃኖ ክፉ አልነበረም፤ የነገራት ሁሉ በእርሱ እግር ሲለካ እውነት ነው። እርሷ ግን እግር የላትም። መንገዱ ለደላላው የሁለት ወገን ነው፤ ለተጠራችው ግን ቁልቁል ብቻ ነው። ነሐሴን፣ የእናቷን የደከመ ዓይን፣ ቆሮሶ ዝም ብላ የዋኘችበትን ማታ፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ዝላይ ልትከፍላቸው ነው፤ ብትጸጸትም መልሳ የምትወስዳቸው አይደሉም።

«አያ አርጃኖ፣ እግዜር ይስጥዎት። ሹመቱ መልካም ነው፤ እኔ ግን አልሄድም» አለች።

ይህን ስትል አለቀሰች። ያለመችው ነገር ሐሰት ቢሆን ኖሮ መተው በቀለላት ነበር፤ እውነት ስለነበረ ከበዳት።

ጎርጎራ ስትደርስ ማኅበሩ በደንገሉ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ፋናዬ፣ ተባረኪ! ሃይማኖትሽን፣ እናትሽን፣ ወገንሽን አልተውሽም» ብለው አመሰገኗት። ፋናዬ ግን ምስጋናውን ተቀብላ ዝም አላለችም።

«አባቶቼ፣ ቀርቻለሁ። የቀረሁት ግን ከኋላ ልከተል አይደለም። አርጃኖ ስሜን ያውቃል፤ እናንተ ግን ስሜን የጠራችሁት ዛሬ ነው፣ ያውም ልሄድ ስል። ባለፈው ክረምት የተናገርሁትን ብትሰሙኝ ኖሮ በመረብ የቀሩት ዛሬ እዚህ በነበሩ። እኔ አንድ ጊዜ እምቢ አልሁት፤ ከኔ በኋላ የሚመጡትን ግን አርጃኖ ይወስዳቸዋል። የሚወስዳቸው ሹመቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እናንተ ‹ልጅ ነሽ› ስትሉ እርሱ ‹ትመሪያለሽ› ስለሚላቸው ጭምር ነው።»

ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አባ አምባዛ ከጭቃው ወጥተው «ልጅቱ የተናገረችው ፍርድ ነው» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቦታውን ለቀቀላት።

ነሐሴ ገባ። መገጭ ደፍርሶ መጣ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በዚህ ዳርቻ የታየው እምቦጭ የወንዙን መግቢያ ሸፍኖት ነበር፤ ከእምቦጩ ማዶ ደግሞ መረብ ተዘርግቷል። ፋናዬ ከፊት ሆነች። በእምቦጩ ሥር የጠራ ውኃ የሚሳብበትን ጠባብ መንገድ አግኝታ ማኅበሩን በዚያ አሳለፈች። ሁሉም አልዳኑም፤ ካለፈው ዓመት ግን የሚበልጡት ጠጠሩ ላይ ደረሱ። እናቷ በልጇ ጎን ጎን እየዋኘች ደረሰች። ፋናዬም ዕንቁላሏን ራሷ በተወለደችበት ሥፍራ ጣለች። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ድረስ፣ የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ልቧ ወደ ዓባይ ይሳብ ነበር፤ ይህን ከማንም አልደበቀችም።

የዓሣ ሊቃውንት እንደሚነግሩን፣ በዓለም ላይ ሌላ ሥፍራ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በጣና ይኖራሉ። ከታችኛው ወንዝ የለያቸውና ወገናቸውን ያቆየላቸው ያው ጢስ ዓባይ ነው። የማይመለሱበት ገደል ከላይ ሆኖ ለጠበቀው አጥር ነው፤ ለዘለለው ግን መለያያ ነው።

እንግዲህ በጣና ዙሪያ የምንኖር ሁላችን አያ አርጃኖን እናውቀዋለን። በመተማ በኩል የሚያሻግር ነው፤ የዓረብ አገር ሥራ የሚያስቀጥር ነው፤ በትልቅ ከተማ፣ በትልቅ ደመወዝ፣ እሑድም በዓልም የሌለው ወንበር የሚያቀርብ ነው። የሚያቀርበው ሥራ ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እውነት ሲሆን ደግሞ ፈተናው ይብሳል። ለልጆቻችን «አትሂዱ» ብሎ መጮኽ ምክር አይደለም። ምክሩ፣ የሚጠሩበት ቦታ ጨራጨራ ነው ወይስ ጢስ ዓባይ ብለው እንዲለዩ ማስተማር ነው። ጨራጨራ ከሆነ፣ ማለትም ታግለው የሚመለሱበት፣ ለጥምቀት የሚመጡበት፣ እናት ስትታመም የሚደርሱበት፣ ጸሎታቸውን የማይቀማ ሥራ ከሆነ፣ ስንቅ ሰንቀን እንሸኛቸው። ጢስ ዓባይ ከሆነ ግን፣ ደላላው የሚመላለሰው በራሱ እግር መሆኑን አስቀድመን እንንገራቸው።

የሚበዛው ዕዳ ግን የእኛ የሽማግሌዎቹ ነው። ሃይማኖት፣ ቤተሰብና ወዳጅ በሚዛኑ ላይ የሚከብዱት ወጣቱ በውስጣቸው ቦታ ሲኖረው ነው። ስጦታውን እያወቅን ከኋላ ያሰለፍነውን ልጅ፣ ሲሄድ «ከዳን» ልንለው አንችልም። መመለሻ ያለው ይሂድ፣ በሰላምም ይመለስ፤ የቀረውንም ከፊት እናሰልፈው።