«በሦስት ወር ያልቃል»

ይኼ «በሦስት ወር ያልቃል» የሚሉት ነገር አስመርሮኛል! ከአዲስ አበባ ላፕቶፕ አንግቶ ወደ ካፋዋ ቦንጋ የሚወርድ ወጣት ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር እሱን ብቻ ነው። የገበሬውን ማሳ መዝግቦ፣ ቡናው ከየትኛው ደን እንደተለቀመ ለውጭ ገዢ የሚናገር አፕ ይሠሩልናል። የጊምቦ ወረዳ ብቻ ቢሆንስ? ሦስት ወር። ዴቻም ጌሻም ቢጨመርስ? እሱም ሦስት ወር!

እኔ ቡና ስተክል ያረጀሁ ሰው ነኝ። ችግኝ ፍሬ እስኪያሳይ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል፤ ስብሰባ ጠርቼ «ለዘንድሮ ድረስልኝ» ብዬው አላውቅም። እነዚህ ግን መጀመሪያ አለቃቸው የሚወደውን ቀን ይጽፉና ሥራውን እዚያ ውስጥ ይጠቀጥቁታል። በሰሌዳቸው ላይ መብራት አይጠፋም፣ መንገድ አይጨቀይም፣ ለቅሶ የሚባል የለም። (ካፋ ውስጥ ዝናብ የሌለበትን ሰሌዳ ያወጣ ሰው ጃንጥላም አይገዛም መሰለኝ።) ኮድ የሚጻፍበትን ቀን ይቆጥራሉ፤ ጂፒኤሱ ከዛፍ ጥላ ሥር ሳተላይት ፍለጋ የሚንከራተትበትን ማን ይቁጠር? የገበሬውን ሥልጠና የያዙት ደግሞ ኅዳር ላይ፣ ሰው ሁሉ ለቀማ በወጣበት! ማን እንዲመጣላቸው ነው፣ ዝንጀሮ? ከዚያ «90 በመቶ ተጠናቋል» ይሉናል። ያቺ የቀረችው 10 በመቶ ከዘጠናው ትረዝማለች።

ቀጠሮ ማፍረስ የሐበሻ ነው እያሉ ሲያሙን የኖሩት ፈረንጆችስ? የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ባጸደቀው የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ የቡናው ማሳ በኬክሮስና በኬንትሮስ ካልተመዘገበ፣ ከ4 ሄክታር ከበለጠም ዳር ድንበሩ ዙሪያውን ካልተነሣ ቡናው አይገባም አለ። ሕጉ የሚጀምርበት ቀን ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ነበር። ወደ 2018 ገፉት። ዳግመኛ ሊገፉት ሲነሡ ምክንያታቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሳቸው የኮምፒውተር ሲስተም ጭነቱን አይችልም ብለው ፈሩ! ብራስልስም እንደ ባንኮቻችን «ሲስተም የለም» አለች። አሁን ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ሆኗል። አቦሉም ቶናውም አለፈ፤ በረካውን እየጠበቅን ነው።

እናንተ ልጆች፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ያለፈው አፓችሁ በስንት ወር እንዳለቀ ንገሩን፤ በስንት ወር ያልቃል እንደተባለ አልጠየቅንም። ኅዳርን ደግሞ ለለቀማው ተዉልን።