በጀርባ ስለሚጓዘው ቱሪስት

ለቱሪዝም ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ድክ ድክ የሚል ሕፃን በጎብኚነት እንዲታወቅ ስለመጠየቅ

ሚኒስቴሩ ሀገሪቱን ለዓለም የሚያስተዋውቅበት «ምድረ ቀደምት» የተባለው መለያ በ2008 ዓ.ም. ይፋ ሆኖ፣ የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያስተዋወቁትን «የ13 ወር ፀጋ» ሲተካ፣ ዐሥራ ሦስተኛዋ ወር ከማስታወቂያው መውጣቷ በተለይ ለወላጆች እፎይታ ሳይሆን አልቀረም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሚስቱ የወለደችለት ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዝ ጋር የሚያገኘው የአባትነት ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ሲሆን፣ ጳጉሜን ግን 5፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 6 ቀን ስላላት፣ አንድ ሙሉ ወር በትርፍነት የተቸረችው ሀገር ለዚህ አባት የቆረጠችለት ጊዜ ከዚያች ቁራጭ ወር እንኳ ያነሰ ነው።

የእናቲቱ ስሌት የተሻለ ቢሆንም የበለጠ ይወሳሰባል። አዋጁ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ይሰጣታል፤ ይሁን እንጂ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡና እስከዚያ ድረስ አራስ፣ ማለትም ከወሊድ ገና ያላገገመችና በቤተ ዘመድ የምትጦር እናት፣ እንደ ልቧ ከቤት መውጣት ስለማይገባት፣ የአራዳ ሰው የመጀመሪያ የቤተሰብ ጉዞ መዳረሻ ከጥንት ጀምሮ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ሀገሯን ለመጎብኘት ለወንድ ልጅ እናት 50፣ ለሴት ልጅ እናት 10 ቀን ይተርፋል፤ ሚኒስቴሩም ይህን ልዩነት በጉዞ ጥቅል ዋጋ አወጣጥ ላይ ግምት ውስጥ እንዲያስገባው ይመከራል።

የጎብኚውን ፍላጎት በተመለከተ፣ ሕፃኑ በፒያሳ የሚያደንቀው ሚኒስቴሩ ከሚያደንቀው ጋር እምብዛም አይገጥምም። በ1923 ዓ.ም. ከቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ዘንድ ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ሳይሆን በፈረሳቸው ላይ ነው፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከታሪኩ ይልቅ ደረጃውን ደጋግሞ መውጣትና መውረድ ቢመርጥ በአርበኝነቱ ላይ ጥርጣሬ ሊያሳድር አይገባም። በዚያው ዓመት የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ማለትም ዋና ዋና መንገዶችን ከነግራና ቀኛቸው አፍርሶ የማስዋብ ሥራ፣ የእግረኛውን መንገድ ስላሰፋው የሕፃን ጋሪ መግፋት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ መቅለሉን መካድ ንፉግነት ነው። ነገር ግን ጋሪው መንገድ ባገኘበት ሰሞን የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሠፈር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ከተማዋ ዳር በመበተናቸው፣ እናቲቱ ሱቅ ስትወርድ ሕፃኑን «እስቲ አምጪው» ብለው የሚቀበሉት እማማ፣ ሲያለቅስ ከበር ብቅ የምትለው ጎረቤት፣ ሌሊት ሲያተኩሰው የሚጠሩት አያት ከጋሪው መንገድ ዳር ጠፍተዋል። ይህ የከተማ አስተዳደሩ እንጂ የሚኒስቴሩ ሥራ አለመሆኑ የታወቀ ቢሆንም፣ ሕፃኑ የሥልጣን ክፍፍል አያውቅም።

ሚኒስቴሩ የሦስት ዓመት ልጅ ምን እንደሆነ አያውቅም እንዳይባል ደግሞ፣ የ«ምድረ ቀደምት» መለያ ዋና ማስረጃ ከሆኑት አንዷ ራሷ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። በዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራ ቡድን በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዲኪካ በተባለ ቦታ ያገኛት ሰላም፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ሕፃን ስትሆን፣ «የሉሲ ልጅ» እየተባለች እናቷ ከተባለችው ከሉሲ በመቶ ሺህ ዓመት ገደማ ትበልጣለች (በቅሪተ አካል ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር አያስነውርም)። በ2010 ዓ.ም. የታተመ የእግሯ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ሰላም በሁለት እግሯ የምትሄድ ብትሆንም የአውራ ጣቷ ሥር ከዝርያዋ አዋቂዎች ይልቅ ለመቆንጠጥ የሚያመች ስለነበር፣ ሲደክማት እናቷ ላይ ተጣብቃ እንድትጓዝ ሳይረዳት አልቀረም። ይህ እግር ከጊዜ በኋላ ሲቀር ክፍተቱን የሞላው አንቀልባ ነው፤ ይኸውም ከለፋ ቆዳ የሚሠራ፣ ብዙ ጊዜም በዛጎል የሚያጌጥ የሕፃን ማዘያ ሲሆን፣ ነዳጅ የማይጠይቅና በየትኛውም ዳገት ላይ ያልተበላሸ የሀገሪቱ አንጋፋ የሕዝብ ማመላለሻ ለመባል ይበቃል።

ስለሆነም ሚኒስቴሩ ለጎብኚዎች የሚሰናዳ ማናቸውም ሥፍራ እናት ጡት የምታጠባበት፣ አባትም ዳይፐር የሚቀይርበት አንድ ጥግ እንዲኖረው እንዲያስደርግ፣ ይህ ከበጀት በላይ ከሆነ ደግሞ የሰላምን እግር ለዛሬ ሕፃናት የሚመልስ መመሪያ በአስቸኳይ እንዲያወጣ በአክብሮት ይጠየቃል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሕፃኑ አያት፣ በቀድሞ አድራሻቸው ዶሮ ማነቂያ፣ ለመረጃ ሳይሆን ለአፈጻጸም