ሳሙና የተቀባ ኡራል

ሳሙና ለገላና ለልብስ ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው የድሮ ወታደራዊ ኡራል ኮፈኖ ተከፍቶ አላየም ማለት ነው። ጠዋት ሞተሩ ተነሥቶ የዲናሞው ቺንጋ ሰፈሩን በጩኸት ሲቀሰቅስ ሊቁ መካኒክ አይደናገጥም። ደረቅ ሳሙና ያስመጣና በሚሽከረከረው ቺንጋ ጎን ላይ ጥቂት ያስደግፈዋል፤ ጩኸቱ ወዲያው ጸጥ ይላል። ሳሙና ከታጣ ኮካ ኮላ ይንቆረቆርበታል፤ ስኳሩ ሲደርቅ ያጣብቃላ! እሱም እንቢ ካለ ረዥም የብረት ዘንግ ይመጣና ዲናሞው በጉልበት ተፈልቅቆ ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል። በዚህ ሁሉ ሕክምና መካከል «ለምን ተንሸራተተ?» ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ሥራው ፈጣን ነው።

የሕክምናውን ጥበብ እናድንቅ። ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ሰውን ቀድሞ የሚጥለው ሳሙና ነው፤ መንሸራተትን እንዲያስቆም የተሾመውም እሱው ነው። ቺንጋ የሚጮኸው ጎማው የፑሊውን ጎን ይዞ፣ ለቆ፣ መልሶ ሲይዝ ነው። ሳሙና ሲቀባ መያዙን እርግፍ አድርጎ ይተውና ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ቺንጋው አልዳነም፤ አቤት ማለት ተከለከለ። (ይህ አሠራር ከጋራዥ ውጭም ደጋፊ አያጣም።) አሜሪካዊው ጆን ጌትስ እ.ኤ.አ. በ1917 የቪ ቅርጽ ያለውን ቺንጋ ሲያወጣ ብልሃቱ ያለው ጎኖቹ ላይ ነበር፤ ቺንጋው ወደ ፑሊው ቦይ እንደ ሽብልቅ ይገባል፣ በሁለቱ ግድግዳዎች ይያዛል፣ ወለሉን አይነካም። የቦዩ ማዕዘን 40 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ውጥረት ጠፍጣፋ ቺንጋ ከሚኖረው ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ፍትጊያ ይገኛል። የእኛ ሳሙና የሚቀባው እንግዲህ እነዚያኑ ጎኖች ነው። ኮካ ኮላውም ቢሆን ለጊዜው ያጣብቅና የመንገዱን አቧራ ይሰበስባል፤ አቧራው ከስኳሩ ጋር ተቦክቶ ጎማውንም ፑሊውንም እንደ ሞረድ ይበላል።

ጩኸቱ ጠዋት የሚበረታው ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የተመረተው ኡራል 4320 ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎቹን አያይዞ በ24 ቮልት ይሠራል። ሞተሪኖው ስምንት ሲሊንደር ያለውን የካማዝ ናፍጣ ሞተር ለማስነሣት ከባትሪዎቹ የወሰደውን ዲናሞው ወዲያው ሊመልስ ይጣደፋል። በ28 ቮልት 40 አምፔር ቢሰጥ 1,120 ዋት ነው፤ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመርበት ቺንጋው ወደ ሁለት የፈረስ ጉልበት ተሸከመ ማለት ነው። ባትሪው አርጅቶ አልሞላ ካለ ሸክሙ ቀኑን ሙሉ አይወርድም። ስለዚህ ቺንጋው የሚጮኸው ሌላውን ሊከስስ ይሆናል፦ የደከመ ባትሪ፣ የነከሰ ኩሽኔታ፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት፣ ወይም ቦዩ የተበላ ፑሊ። ፑሊን ለመመርመር ዓይን ብቻ ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ሲወልቅ የቦዩ ወለል እንደ መስታወት ካበራ፣ ቺንጋው ታች ደርሶ ተቀምጦ ነበር፤ ሽብልቅነቱ ቀርቷል፣ አዲስ ቢገባበትም ይንሸራተታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ የሚል ሕዝብ ልጆች ሳሙናን ከሱቁ መርጠናል።

የሚያስቀው ገና ነው። በካማዝ 740 ሞተር ላይ ዲናሞውን የሚያዞሩት ሁለት ቺንጋዎች የውኃ ፓምፑንም የሚያዞሩ ናቸው። በሳሙና ጸጥ የተደረገው ኡራል ጭነቱን ይዞ የዓባይን በረሃ አቀበት ሲያያዘው፣ ከመብራቱ መደብዘዝ ይልቅ የሚያሳስበው የውኃው መፍላት ነው፤ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀው ጩኸት ደግሞ ታጥቦ ሄዷል። የብረት ዘንጉ ወገኖችም ከዚህ አይሻሉም። ረዥሙ የቺንጋ ክፍል መሐሉ ላይ በ4 ኪሎ ኃይል ገደማ ሲጫኑት ከ15 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ሊረግብ ይገባዋል፤ እነሱ ግን ጣት አልበግር ሲለው «አሁን ጠበቀ» ይላሉ፣ የዲናሞውና የፓምፑ ኩሽኔታዎችም ዕዳውን ይከፍላሉ። ከጥንዱ አንዱን ብቻ የሚቀይር ቆጣቢም አለ፦ አዲሱ አጭር፣ አሮጌው የተለጠጠ፤ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ለአጀብ ይሮጣል።

«አባቶቻችን በሳሙና አገር አዳርሰዋል» የሚል አይጠፋም። አዳርሰዋል፤ በረሃ መሐል መለዋወጫ ያጣ ሾፌር ባገኘው ቢሞክር ማን ይፈርድበታል? የሚፈረደው ከተማ ገብቶ፣ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ፣ ለነገም ሳሙና በሚገዛው ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሌላው ቺንጋ ተወደደ ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሂሳቡ የሁለት ቺንጋ ዋጋ ከአንድ ሳሙና ጋር አይደለም፣ ከኩሽኔታ፣ ከፓምፕና በሙቀት ከተጣመመ ቴስታታ ጋር ነው። ቀሪው ሥራ አሰልቺ ስለሆነ ተመልካች አይሰበስብም፦ ፑሊዎቹ በአንድ መሥመር መቆማቸውን ማየት፣ ዘይቱን ከምንጩ መዝጋት፣ ጥንዱን አብሮ መቀየር፣ ጥቂት አሠርቶ ሞተሩን ማጥፋትና አዲሱ ቺንጋ ስለሚረግብ ውጥረቱን እንደገና መለካት። ይህ ሁሉ ሲያልቅ እጅ በግራሶ ይጨቀያል፤ ሳሙናውን ያን ጊዜ አምጡት።